የልጆች የሒሳብ ዕውቀት በምን ይመዘናል?

በሐርጌሳ ገበያ የሚሸጠው ነገር ሁሉ የየራሱ መለኪያ አለው። ወርቅ በሚዛን ይመዘናል፤ ጨርቅ በሜትር ይለካል፤ ወተት በዕቃ ይሰፈራል፤ በግና ፍየል ደግሞ በዓይን ታይተው፥ በእጅ ተዳስሰው ዋጋቸው ይነገራል። ወተትን በሜትር እለካለሁ የሚል ሰው ቢመጣ ገበያተኛው ሁሉ በሣቀበት ነበር። የልጆችን የሒሳብ ዕውቀት ለመለካት ግን አብዛኞቻችን የምንጠቀምበት መለኪያ አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም በወረቀት ተሰጥቶ በቀይ ቀለም የሚታረመው ፈተና ነው። ልጁ በዚህ መለኪያ ዝቅ ብሎ ከተገኘ «ሒሳብ አይገባውም» ተብሎ ይፈረድበታል።

በዚህ ጽሑፍ ለአንባብያን ላቀርበው የምወደው ሐሳብ ይህ ነው። ልጅ ሒሳብ ማወቁን ለመረዳት የምንፈልግ ከሆነ ትክክለኛ መልሶቹን መቁጠር ብቻ አይበቃንም፤ መልሱን ያገኘበትን መንገድ ከራሱ አንደበት መስማት ይገባናል። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚሉት ለፍርድ ነገር ቢሆንም፥ ለልጅ ሒሳብም የሚስማማ ምክር ነው።

እኔ በሐርጌሳ መኖር ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት በአገሬ በአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ሒሳብ አስተምር ነበር። አሁን ቤቴን እያስተዳደርሁ ከቀትር በኋላ የጎረቤት ልጆችን እሰበስብና ትምህርታቸውን አሳያቸዋለሁ። ከልጆቹ የሚበዙት ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተ ሰቦች ልጆች ናቸው። በቤታቸው አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ይናገራሉ፤ በተማሪ ቤት በሶማልኛ ይማራሉ፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርሱ ደግሞ ትምህርታቸው በእንግሊዝኛ ይሆናል። አንድ ልጅ ቁጥርን በሁለትና በሦስት ቋንቋ ሲሰማ ያድጋል ማለት ነው።

ከተማዪቱ ራሷ ለሒሳብ ትምህርት የምትመች ናት። በገበያው መካከል ገንዘብ መንዛሪዎች የሽልንግ እስሮችን እንደ ጡብ ደርድረው በግልጥ ተቀምጠው ይታያሉ። የሶማሊላንድ ሽልንግ መሠራጨት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 ሲሆን፥ በእጅ የሚዘዋወሩት ወረቀቶች ባለ 500፥ ባለ 1000ና ባለ 5000 ናቸው። አንድ የአሜሪካ ዶላር በብዙ ሺህ ሽልንግ ስለሚመነዘር፥ ጥቂት ዶላር የመነዘረ ሰው የሽልንግ ክምር ተሸክሞ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2009 ቴሌሶም የተባለው ኩባንያ ዛድ የተሰኘውን በስልክ ገንዘብ የመክፈያ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ ብዙው ግብይት በስልክ ይፈጸማል። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ የሚያድግ ልጅ በአንድ ቀን ውስጥ ሽልንግን፥ ዶላርን፥ አንዳንድ ጊዜም ከድንበር ማዶ የሚመጣውን ብር ሲያሰላ ይውላል።

ከጎረቤቶቼ አንዱ እንዲህ ያለ ትንሽ ሱቅ ያለው ኢትዮጵያዊ ነው። የዐሥር ዓመት ወንድ ልጅ አለው። ይህ ልጅ አንድ ቀን ከስድስት የመቀነስ ጥያቄዎች ሁለቱን ብቻ አግኝቶ፥ አራቱ በቀይ ተሰርዘውበት ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከዚያ በፊት ያመጣቸው ውጤቶችም ከዚህ የተሻሉ አልነበሩም። አባቱ ወረቀቱን አይቶ ቍርጥ ሐሳቡን ተናገረ። ልጁ ለትምህርት አልተፈጠረምና ከሚመጣው ወር ጀምሮ ከተማሪ ቤት ወጥቶ በሱቅ ይቀመጥ፤ ለእርሱ የሚከፈለውም ገንዘብ ለታናሽ እኅቱ ትምህርት ይሁን አለ። እናቱ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ወደ እኔ መጣችና «እኅቴ፥ እስቲ አንቺ እዪው፤ እርሱ ያንቺን ቃል ይሰማል» አለችኝ።

ወደ አባትዬው ሄጄ «ቁጥር የማይገባው ልጅ በሱቅ ተቀምጦ የእርስዎን ገንዘብ እንዴት አድርጎ ይቀበላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «በሱቅስ አይሳሳትም» ብለው መለሱልኝ። ይህ መልስ ለእኔ ከፈተናው ወረቀት ይበልጥ ብዙ የሚናገር ሆኖ ታየኝ። አንዱ ልጅ በአንዱ ቦታ ሒሳብ ዐዋቂ፥ በሌላው ቦታ ሒሳብ የማያውቅ ሊሆን የሚችለው በምን ምክንያት እንደ ሆነ መመርመር ነበረብን።

ስድስቱ ጥያቄዎችና የልጁ መልሶች እነዚህ ነበሩ።

98 − 45 = 53
67 − 23 = 44
52 − 28 = 36
73 − 45 = 32
61 − 37 = 36
80 − 26 = 66

አንባቢ ሆይ፥ የመጨረሻዎቹን አራት መልሶች በጥሞና ተመልከታቸው። ልጁ በዘፈቀደ የጻፈው አንድም ቁጥር የለም። ከ52 ላይ 28 ሲቀነስ፥ በአንድ ቤት ከላይ ያለው 2 ከታች ካለው 8 ያንሳል። ልጁ ግን ቦታቸውን ገልብጦ ከ8 ላይ 2 ቀንሶ 6 አገኘ፤ በዐሥር ቤትም ከ5 ላይ 2 ቀንሶ 3 አገኘና 36 ብሎ ጻፈ። በሦስቱም ቀሪ ጥያቄዎች ያደረገው ይህንኑ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች የላይኛው አኀዝ ከታችኛው ስለሚበልጥ፥ ያው ደንቡ ትክክለኛ መልስ አስገኘለት። ስለዚህ ቀይ ቀለሙ አራት ስሕተት ቢቆጥርም፥ የልጁ ስሕተት አንድ ብቻ ነበረ። «ከስድስት ሁለት» የሚለው ውጤት ይህንን ነገር ለአባትም ለአስተማሪም አይነግርም።

ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ «ይህን እንዴት እንደ ሠራኸው ንገረኝ» አልሁት። ምንም ሳያመነታ «እትዬ፥ ከሁለት ላይ ስምንት አይነሣም። ስለዚህ ከስምንቱ ላይ ሁለቱን አነሣሁ» አለኝ። ይህን ማን እንዳስተማረው ስጠይቀው፥ መዓሊን፥ ማለት በሶማልኛ አስተማሪው፥ ሁልጊዜ ትንሹ ቁጥር ከትልቁ ላይ እንደሚቀነስ ነግሮናል አለ። አስተማሪው የተናገረው ስለ ሙሉው ቁጥር ነው፤ ልጁ ግን ስለ እያንዳንዱ አኀዝ አድርጎ ተረድቶታል። የሰማውን ትእዛዝ በታማኝነት ፈጽሟል።

ቀጥዬም «አንድ ደንበኛ 26 ሺህ ሽልንግ የሚያወጣ ዕቃ ገዝቶ 80 ሺህ ቢሰጥህ መልሱ ስንት ነው?» አልሁት። «54 ሺህ» አለ። እንዴት እንዳገኘው ስጠይቀው፥ «ከ26 እስከ 30 አራት፤ ከ30 እስከ 80 ኀምሳ» ብሎ በጣቱ ጠረጴዛዬ ላይ እንደሚቆጥር ሰው አሳየኝ። ነጋዴዎች መልስ ሲሰጡ የሚጠቀሙበት ወደ ላይ የመቁጠር ዘዴ ይህ ነው። ከዚያ ወረቀቱን አቀረብሁለትና «በሱቅ 54፥ በወረቀት 66 አግኝተሃል፤ ትክክሉ የትኛው ነው?» አልሁት። ረዥም ጊዜ አሰበና «ያ የገንዘብ ነው፤ ይህ የተማሪ ቤት ነው» አለኝ። በእርሱ ዘንድ ሁለቱ ሒሳቦች የማይተዋወቁ ነገሮች ነበሩ።

ይህ ነገር በሐርጌሳ ብቻ የሚታይ አይደለም። በብራዚል አገር በሬሲፌ ከተማ ቴሬዚና ካራሄር፥ ዴቪድ ካራሄርና አናሉሲያ ሽሊማን የተባሉ ተመራማሪዎች በመንገድ ላይ ኮኮናትና ፍራፍሬ የሚሸጡ ከ9 እስከ 15 ዓመት የሆናቸውን አምስት ልጆች መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1985 አሳተሙ። ልጆቹ በገበያ እንደ ደንበኛ ሲጠየቁ ከመቶው 98 ያህሉን በትክክል መለሱ። እነዚያው ስሌቶች በወረቀት ላይ በቁጥር ብቻ ሲሰጧቸው ግን ያገኙት ከመቶው 37 ያህል ብቻ ነበር። የመቀነስን ስሕተት በሚመለከት ደግሞ ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን የተባሉ አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1978 ባወጡት ጥናት፥ የልጆች ስሕተት ብዙውን ጊዜ የተሳሳተ ደንብን በትክክል የመከተል ውጤት መሆኑን አስረድተዋል። የጎረቤቴ ልጅ የተከተለው «ሁልጊዜ ትንሹን ከትልቁ» የሚለው ደንብ ከእነዚህ ስሕተቶች መካከል እጅግ የታወቀው ነው።

ዳሩ ግን ከዚህ ተነሥተን «እንግዲያስ ሱቁ ይበቃዋል» ብንል አባቱ ወዳሰቡት ፍርድ መመለሳችን ነው። አቢጂት ባነርጂ፥ ኤስተር ዱፍሎ፥ ኤልሳቤጥ ስፔልኪና ባልደረቦቻቸው በሕንድ በኮልካታና በዴልሂ ከተሞች ያደረጉትን ሰፊ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2025 አውጥተዋል። በገበያ የሚሠሩት ልጆች አስቸጋሪ የሽያጭ ሒሳብ በአእምሯቸው ሲሠሩ ተገኙ፤ በተማሪ ቤት መልክ የቀረበው ሒሳብ ግን አቃታቸው። በገበያ የማይሠሩት ተማሪዎች ደግሞ በወረቀቱ ሒሳብ ሲሻሉ በገበያው ሒሳብ ደካሞች ሆኑ። ዕውቀቱ ከአንዱ ወደ ሌላው በራሱ አይሻገርም፤ የሚያሻግር ሰው ያስፈልጋል። የሚያሻግረው ሰው ግን አስቀድሞ ልጁ በየትኛው ዳር እንደ ቆመ ማወቅ አለበት። ምዘና የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ልጅን አንድ በአንድ መስማት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክህነት ተማሪ ቤት ልጁ ፊደልንና አቡጊዳን፥ ቀጥሎም ንባብንና ዳዊትን ሲማር፥ ከየኔታ ፊት ቀርቦ ያስሰማል፤ የተማረውን ሳያጠና ወደሚቀጥለው አይሸጋገርም። በሐርጌሳም በቁርኣን ተማሪ ቤት ልጁ በእንጨት ሎሕ ላይ በቀለም ጽፎ ያጠናውን ለመዓሊኑ በቃሉ ካሰማ በኋላ፥ ሎሑን አጥቦ ሌላ ይጽፋል። ሁለቱም ተማሪ ቤቶች ከጎኑ ያለው ልጅ የት ደረሰ ብለው ሳይሆን ይህ ልጅ የት ደረሰ ብለው ይጠይቃሉ። የሒሳብ አስተማሪ ከእነርሱ የሚወስደው ነገር ይህ ነው። የሚጨምረው ነገር ደግሞ አለ፤ በሒሳብ በቃል ማጥናት ብቻ ስለማይበቃ «ምንድን ነው?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «እንዴት አገኘኸው? ለምንስ እንዲህ ሆነ?» ማለት ያስፈልጋል።

የልጅን የሒሳብ ዕውቀት ለመመዘን ከወረቀት ፈተና ጎን ሊቆሙ የሚችሉት መንገዶች ብዙ ናቸው። እኔ በቤቴ የፈተንኋቸውን አምስቱን ልጥቀስ።

አንደኛው ልጁ የሠራውን ጮክ ብሎ እንዲያስረዳ ማድረግ ነው። ትክክለኛ መልስ ያገኘውም መጠየቅ አለበት፤ በተሳሳተ መንገድ ትክክለኛ መልስ የሚያገኝ ልጅ አለና።

ሁለተኛው ስሕተቶችን በየዓይነታቸው መለየት ነው። አራት ስሕተት ስናይ አራቱ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው ወይስ የተለያዩ ናቸው ብለን እንመርምር።

ሦስተኛው ልጁ በእጁ ሲሠራ መመልከት ነው። የገንዘብ እስር ሲፈታ፥ ስኳር ሲመዝን፥ ዳቦ ለአራት እኅትና ወንድም ሲያካፍል፥ ገመድ ይዞ የግቢውን ወርድ ሲለካ የሚያሳየው ዕውቀት በወረቀት ላይ የማይታይ ሊሆን ይችላል።

አራተኛው የልጁን ሥራዎች በአንድ ደብተር ወይም ማኅደር ማስቀመጥ ነው። የመስከረሙ ገጽ ከየካቲቱ ገጽ ጋር ሲተያይ ልጁ ከራሱ ጋር ይወዳደራል፤ ወላጅም የሄደበትን መንገድ በዓይኑ ያያል።

አምስተኛው ልጁ ራሱ ጥያቄ እንዲያወጣ መጠየቅ ነው። «80 − 26 የሚሆን ታሪክ ፍጠርልኝ» ሲባል ትርጉሙ የገባው ልጅ ወዲያው ስለ ግዢ ወይም ስለ ጠፉ ፍየሎች ያወራል። ደንቡን ብቻ የሸመደደው ዝም ይላል።

ቋንቋን በሚመለከት አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ከእኔ ዘንድ ከሚመጡት መካከል የሰባት ዓመት ልጅ የሆነች አንዲት ሴት ልጅ አለች። በሶማልኛ 52 ተብሎ ሲነገራት 25 ብላ ትጽፍ ነበር። በአማርኛ ሲነገራት ግን 52 ብላ በትክክል ጻፈች። ምክንያቱን ፈልገን አገኘነው። በአማርኛ «ኀምሳ ሁለት» ስንል ዐሥሩ ይቀድማል፤ በሶማልኛ «ለባ ኢዮ ኮንቶን» ሲባል ግን ትርጉሙ «ሁለትና ኀምሳ» ስለ ሆነ አንዱ ይቀድማል። ዐረብኛም ጀርመንኛም እንዲሁ ናቸው። ልጅቱ የሰማችውን በሰማችበት ተራ ጻፈች። ይህችን ልጅ ቁጥር አታውቅም ማለት ሁለት የአቈጣጠር ሥርዐት ማወቋን እንደ ድንቁርና መቁጠር ነው። ስለዚህ መዛኙ ልጁ በሚችለው ቋንቋ መጠየቁን ማረጋገጥ አለበት።

ከልጁ እናት ጋር ሆነን አስተማሪውን ለማነጋገር ሄድን። ትሑትና ሥራውን የሚወድ ሰው ሆኖ አገኘሁት። ወረቀቱን አሳይቼ ያገኘሁትን በነገርሁት ጊዜ በትዕግሥት ሰማኝና እንዲህ አለኝ፤ «እኅቴ፥ ያልሽው እውነት ነው። ነገር ግን በክፍሌ ውስጥ 50 ልጆች አሉ። በስምንተኛ ክፍል መጨረሻ የሚጠብቃቸው ፈተናም በወረቀት የሚታረም ነው። ደግሞስ እኔ በጆሮዬ ሰምቼ ነጥብ ብሰጥ፥ የዘመዴን ልጅ አዳላ የሚለኝ ሰው አይጠፋም።»

ይህ ተቃውሞ ክብደት ያለው ነው። የወረቀት ፈተና ለሁሉም አንድ ስለ ሆነ የድኻውን ልጅ ከአድልዎ ይጠብቀዋል፤ በጆሮ መመዘን ደግሞ ተናጋሪውን ልጅ ጠቅሞ ዓይን አፋሩን ሊጐዳ ይችላል። ስለዚህ ከአስተማሪው ጋር ስንመክር የደረስንበት ስምምነት እንዲህ ያለ ነው። ፈተናው በቦታው ይቆያል፤ ነጥቡም ከፈተናው ይሰጣል። መስማቱ ግን ለነጥብ ሳይሆን ለማስተማር ይሆናል። በየቀኑ አምስት ልጆች፥ እያንዳንዳቸው ሁለት ደቂቃ ቢሰሙ የሚፈጀው ዐሥር ደቂቃ ነው፤ በዐሥር የትምህርት ቀን 50ውም ይዳረሳሉ። ለሁሉም የሚቀርበው ጥያቄ አንድ ዓይነት ይሁን፤ የሰማውንም በአንድ መስመር በደብተሩ ይጻፍ። ይህ ለአስተማሪው ቀላል ሸክም ነው አልልም፤ ከ50 ልጆች የሠላሳው ስሕተት ከአንድ ሥር የመጣ ሆኖ ሲገኝ ግን ሠላሳውን በአንድ ትምህርት ማቃናት ስለሚቻል፥ የጠፋው ጊዜ ይመለሳል።

ነጥብና ምክርን መለየት የሚጠቅም መሆኑን የሚያስረዳ ጥናትም አለ። ሩት በትለር የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው ሥራ፥ በሥራቸው ላይ ምክር ብቻ የተጻፈላቸው ልጆች ሲሻሻሉ፥ ነጥብ ብቻ የተሰጣቸውም፥ ነጥብና ምክር አንድ ላይ የተሰጣቸውም እንደ እነርሱ እንዳልተሻሻሉ አሳይታለች። ልጅ ነጥቡን ካየ ምክሩን አያነብም ማለት ነው። ፖል ብላክና ዲላን ዊልያም የተባሉ እንግሊዛውያን ምሁራን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1998 ብዙ ጥናቶችን መርምረው፥ ለማስተማር ተብሎ የሚደረግ ምዘና የልጆችን ትምህርት እንደሚያሻሽልና ይልቁንም ደካማ የተባሉትን እንደሚጠቅም ገልጠዋል።

በአገራችንም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ደንግጓል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ተከታታይ ምዘና ማለት ትንንሽ ፈተናዎችን አብዝቶ ነጥባቸውን መደመር ብቻ ከሆነ፥ አንዱን ሜትር ደጋግሞ ወተት ላይ መዘርጋት ይሆናል። የነጥብ ብቻ ጉድለት በትልቁም ፈተና ይታያል። በ2014 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ቁጥሩ ሕመም መኖሩን ነግሮናል፤ ሕመሙ በየትኛው ክፍል፥ በየትኛው ትምህርት፥ በየትኛው አለመግባባት እንደ ጀመረ ግን ሊነግረን አይችልም። ለዚያ ወደ ልጁ ዝቅ ብሎ፥ ገና በታችኛው ክፍል ሳለ፥ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ወላጆች ይህን ለማድረግ የተለየ ትምህርት አያሻቸውም። በሕንድ አገር እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ኤሰር በተባለው ጥናት ሰዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ ልጆችን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ። የሚይዙት አንድ ወረቀት ነው። ልጁ ከ1 እስከ 9 ያሉትን አኀዞች፥ ቀጥሎም ባለ ሁለት አኀዝ ቁጥሮችን ይለያል ወይ? መበደር ያለበትን መቀነስ ይሠራል ወይ? ባለ ሦስት አኀዝ ቁጥር በባለ አንድ አኀዝ ያካፍላል ወይ? ልጁ ከደረሰበት ደረጃ ላይ ይቆማሉ። ይህን ያህል በማንኛውም ቤት፥ ከራት በኋላ ማድረግ ይቻላል።

ወደ ጎረቤቴ ልጅ ልመለስ። ሁለቱን ሒሳቦች ያስተዋወቅናቸው በገንዘብ ነው። ስምንት የዐሥር ሺህ እስሮች ከፊቱ አድርጌ «26 ሺህ ስጠኝ» አልሁት። ሁለቱን እስር ሰጠኝና ለስድስቱ ሺህ ከቀሩት አንዱን ፈታ። ያን ጊዜ በወረቀቱ ላይ የዐሥር ቤቱን 8 አስሰርዤ 7 አስጻፍሁት፤ በአንድ ቤት ያለውን ባዶም 10 አደረግነው። ዓይኑን ከወረቀቱ ወደ እስሩ አመላለሰና «እትዬ፥ መበደር ማለት መመንዘር ነው እንዴ?» አለኝ። በዚህ ከተማ ለሚኖር ልጅ ከዚህ የተሻለ ትርጓሜ ልሰጠው አልችልም ነበር።

ነገሩ በአንድ ቀን አላለቀም። ደንቡን አስለቅቆ አዲሱን ለማስያዝ ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀብን። ከዚያም በኋላ 403 − 158 የመሰለ፥ በመካከሉ ባዶ ያለበት ሒሳብ ሲመጣ ይሰናከል ነበር። ነገር ግን እኔም አስተማሪውም የት እንደሚሰናከል ስለምናውቅ የሚቀጥለው ትምህርት ምን መሆን እንዳለበት እናውቅ ነበር። አባቱ መጀመሪያ የፈቀዱት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ብቻ እንዲቆይ ነው። የዓመቱ ፈተና ሲመጣ ልጁ ከክፍሉ አንደኛ አልወጣም፤ መካከለኛ ውጤት አግኝቶ ወደ አምስተኛ ክፍል ተዛወረ። አሁን ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሱቅ ይረዳል፤ ከተማሪ ቤት የመውጣቱም ነገር ከዚያ ወዲህ አልተነሣም። እናቱም ታናሽ እኅቱን ወደ እኔ ትልካት ጀምራለች።

እንግዲህ ለወላጆች የምመክረው፥ ልጃችሁ ከተማሪ ቤት ወረቀት ይዞ በመጣ ጊዜ ከቀዩ ቁጥር በፊት አንዱን ሒሳብ መርጣችሁ «ይህን እንዴት ሠራኸው?» በሉት፤ ከዚያም ሳታርሙትና ሳትቈጡት እስኪጨርስ ስሙት። በትምህርት ሥራ ላይ ላሉ ሹማምንት የማቀርበው አሳብ ደግሞ ትንሽ ነው። ለወላጅ በሚላከው የውጤት ካርድ ላይ ከነጥቡ ቀጥሎ ሁለት መስመር ይጨመር፤ በአንዱ ልጁ አሁን የሚችለው፥ በሁለተኛው ቀጥሎ ሊማር የሚገባው ይጻፍ። አስተማሪው እነዚያን ሁለት መስመሮች ለመሙላት ልጁን መጠየቅ ግድ ይሆንበታል።